ለጥያቄ ያነሳሁት እጅ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ይድረስ ለተከበሩ የፓርቲው የምርጫ ማኒፌስቶ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለኮሚቴዎ አባላት ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ፤ በተለይ ለጉሮሮዎ። ባለፈው ወር በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስለ ግብር እና ስለ መንግሥት ወጪ በተጠራው የውይይት መድረክ ላይ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያለማቋረጥ ሲናገሩ ሰምቼዎታለሁና፣ ያ ጉሮሮ አንድ ነገር ቢሆን አገሩ በሙሉ እርስ በርሱ ወደ መነጋገር እንዳይገባ እሰጋለሁ።

እኔን አያውቁኝም፤ ፊቴን ግን ያውቁታል። ከባንኩ ግድግዳ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ በአሥራ አንድ ቦታ በተለጠፈው ፖስተርዎ ላይ ከተሰብሳቢው መካከል ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ አፏን ከፈት ያደረገችው ወጣት እኔ ነኝ። ከራሴ በላይ «ለፍትሐዊ ግብር እጃችንን አንስተናል» የሚል በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ፎቶግራፍ አንሺዎ ጎበዝ ነው፤ በዕድሜዬ እንደዚያ አምሮብኝ አያውቅም። የሚያሳዝነው ግን እጄን ያነሳሁት ለመደገፍ ሳይሆን ለመጠየቅ መሆኑ ነው። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ድረስ አንስቼው ነበር፤ ቀኙ ሲዝል በግራ እየቀየርኩ። የመድረክ መሪው መጀመሪያ ለሚያመሰግን ሰው፣ ቀጥሎ ከእርሱ አብልጦ ለሚያመሰግን ሰው፣ በመጨረሻም ሁለቱ ስላመሰገኑ ለሚያመሰግን ሰው ዕድል ሰጥቶ ሲያበቃ «ጊዜው ስለተጣበበ የቀረው በጽሑፍ ይቅረብ» አለ። የታደለን ወረቀት ሁለት ሳጥን ነበረው፤ «እደግፋለሁ» እና «በጣም እደግፋለሁ»። በዚህ ሰፊ አማራጭ እስከ ዛሬ ልቤ እንደተነካ ነው።

ምን ልጠይቅ እንደነበር ቢገርምዎ ይኸው በዝርዝር አቀርባለሁ። አራት ዓመት ምጣኔ ሀብት ተምሬአለሁ፤ ሥራ ግን ስላላገኘሁ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ባለው የልብስ ሰፊዎች ረድፍ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ። በዚህም የተነሳ ስልሳ አራት ገጹን ማኒፌስቶዎን ሁለት ጊዜ ለማንበብ ጊዜ ካላቸው ጥቂት ዜጎች አንዷ ለመሆን በቅቻለሁ።

፩ኛ. በገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ የልብስ ሰፊዎች ግብር «በስፌት መኪናቸው ብዛት» እንደሚሰላ፣ እያንዳንዷም መኪና በቀን ስምንት ሰዓት እንደምትሠራ እንደሚቆጠር ተጽፏል። ግልጽ አሠራር ነው፤ ቆጥሮ ማባዛት ለሚችል ሰው ሁሉ ይገባል። እናቴ ሦስት መኪና አላት። አንደኛዋ ትሰፋለች። ሁለተኛዋ የቁልፍ ቀዳዳ ብቻ ታወጣለች። ሦስተኛዋ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ላይዋ ላይ ጨርቅ እንከምርባታለን። እንግዲህ አንድ ጥንድ እጅ ያላት ሴት በቀን ሃያ አራት ሰዓት እንደምትሠራ ኮሚቴዎ አምኖባታል ማለት ነው። እናቴን ማንም እንደዚህ አክብሯት አያውቅም።

የሞተችውን ለምን እንዳልጣልናት ይጠይቁ ይሆናል፤ አይጠይቁም፣ ግን ልንገርዎት። በእኛ ረድፍ ሃያ ሦስት ሱቅ አለ፤ በየሱቁም አንዲት የሞተች መኪና አለች። መለዋወጫ ከገበያ ስለጠፋ የአንዱ መኪና ሲሰበር ከጎረቤቱ ሟች ላይ ይፈታለታል። ማንም ሟቹን አይሸጥም፤ ማንም ለፈታው ብሎን ዋጋ አይጠይቅም። የእኛዋ ለስንቱ ጥርስ፣ ለስንቱ መዘውር የሚያዞር ቺንጋ ሰጥታ አሁን የቀራት ቆርቆሮዋ ብቻ ነው። የረድፉ ሁሉ ታላቅ የሆኑት፣ ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ጋሽ ሜትር የምንላቸው ሽማግሌ፣ ይህን አንቀጽ ሳነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው «ዘጠኝ ዓመት ተኝታ አሁን ተነስታ ልትገብር ነው? እኔን የሚያነሳኝ ማን ይሆን ታዲያ» አሉ። ሙታን በምርጫ መዝገብ ላይ ተገኙ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ በግብር መዝገብ ላይ እንዲሰፍሩ ያሰበ ግን እርስዎ የመጀመሪያው ይመስሉኛል።

በዚሁ አጋጣሚ በገጽ ሰባት የተሰፋ ልብስ በመርከብ ለሚያስገቡ ባለሀብቶች የዐሥር ዓመት የቀረጥ እፎይታ ስለተሰጠ፣ ሸክሙ ትከሻ ላለው ሳይሆን ለለመደው በመሰጠቱ አመሰግናለሁ። የለመደ ትከሻ አያጉረመርምም።

፪ኛ. በገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ለተማሪ ሁሉ ነጻ ዩኒፎርም «ከአንድ አቅራቢ፣ በሦስት ልክ» እንደሚቀርብ ተጽፏል። እውነቱን ልናገርና፣ ይህን ሲያነቡ እኔም አጨብጭቤአለሁ። ልጅ አይልበስ የሚል ማን አለ? አቅም ያሳጣኝም ይኸው ነው። አንቀጹ መጥፎ ቢሆን ኖሮ እጮህ ነበር፤ በጎ ሆኖ ነው የሚያጠፋን።

የእናቴ አሠራር እንዲህ ነው። የሕፃን ዩኒፎርም ስትሰፋ ከታች አራት ጣት ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ልጁ ይመጣል፤ ወንበር ላይ ታቆመዋለች፤ «እስቲ ስንት ጣት ሰረቅኸኝ» ትለዋለች፤ ያደገውን ያህል ፈትታ ትለቅለታለች። ለዚህ አታስከፍልም፤ ልብሱ ሲሰፋ አብሮ የተሰፋ ነው ትላለች። በአንድ ቀሚስ አራት ዓመት የተማሩ ልጆች አሉ። ሦስቱ ልክዎ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ናቸው፤ በትንሽና በመካከለኛ መካከል ላለችው ልጅ ማኒፌስቶው ምን እንዳሰበላት አላገኘሁም። ምናልባት በሁለተኛው የሥልጣን ዘመን ታድግ ይሆናል።

ለመጠየቅ የፈለግሁት አንድ አረፍተ ነገር ነበር፦ ዩኒፎርሙን በመንግሥት ወጪ የምትሰጡ ከሆነ፣ በየሰፈሩ ላሉት ልብስ ሰፊዎች ብታሰፉ ምን ይጎድልባችኋል? ያን ብታደርጉ ልጁም ይለብሳል፣ ሰፊዋም ግብሯን ከሥራዋ ትከፍላለች፤ አሁን ግን ሥራዋን በገጽ ሠላሳ አንድ ወስዳችሁ ግብሩን በገጽ ዐሥራ ዘጠኝ ትጠይቋታላችሁ። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ለግማሽ ደቂቃ ብዬ ያነሳሁት እጅ ይኸው አንድ ወር ሙሉ ሳይወርድ ተሰቅሎ ቀረ።

፫ኛ. አሁን ወደ ዋናው አቤቱታዬ ልምጣ፤ ከላይ ያሉትን እንኳ የአገር ጉዳይ ብለው ሊያልፏቸው ይችላሉና።

ከፖስተሮቹ አንዱ የተለጠፈው ከረድፋችን ፊት ለፊት ነው። ሃያ ሁለቱም ጎረቤቶቻችን ቀና ባሉ ቁጥር የሚያዩት እኔ እጄን አንስቼ በሟች መኪኖቻቸው ላይ ግብር ስጥልባቸው ነው። ለፍልፌአለሁ፤ ምያለሁም። «እጅሽን አንሥተሻል ወይስ አላነሣሽም?» ይሉኛል። አንሥቻለሁ። «እንግዲያው» ይሉኛል። ሥራ ሊሰጡኝ ቃል እንደገቡልኝ የሚያወሩም አሉ፤ የጎረቤታችን የባለ ጥልፏ ሴትዮ ወሬ እንኳ ጠረጴዛዬን ጭምር አግኝቶልኛል፤ ሁለት መሳቢያ ያለው ነው አሉ። እኔ ላይ ቢቀር ምን ነበረበት። በየማለዳው ከደጃችን ጠመኔ የሚበደሩት ጋሽ ሜትር፣ እናቴን ገና በዐሥራ ስድስት ዓመቷ መቀስ አያያዝ ያስተማሯት ሰው፣ አሁን ሲያልፉ ከሩቁ «ባለሥልጣኗ ልጅሽ ደህና ናት?» ብለው ይሄዳሉ። ጠመኔ ግን አይጠይቁም።

ባለፈው ማክሰኞ የእናቴ የምትሠራዋ መኪና ቺንጋ ተበጠሰ። የሟችዋን ቺንጋ ከሁለት ዓመት በፊት ለጋሽ ሜትር ፈትተን ሰጥተናል። እናቴ ከጫፍ ተነስታ እስከ ጫፍ ሃያ ሁለቱንም ሱቅ ጠየቀች፤ ሃያ ሁለቱም «የለንም» አሏት። ባለ ጥልፏ «የለንም» ስትል የሟቿ ቺንጋ ከጀርባዋ ይታይ ነበር። እናቴ ተመልሳ ቁጭ አለች፤ የጨርቅ ጥብጣብ በሦስት ድርብ ሰፍታ ቺንጋ አደረገችው፤ በየሃያ ደቂቃው እየሾለከ ይወልቃል፣ ጎንበስ ብላ ትመልሰዋለች።   በዚያ ረድፍ ላይ ሠላሳ ዓመት ሰፍታለች፤ ሰው ቺንጋ ሲከለክላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ክቡር ሆይ፣ እንዲመልሱልኝ የምለምንዎ ይህን ነው። ሌላውን ያቆዩት።

፬ኛ. አቤቱታዋን በሥርዓቱ አላቀረበችም እንዳይባል፣ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ያስተናገደኝ ባለ ከረባት ወንድሜ ፖስተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ በእርሳስ ጫፍ እየጠቆመ፣ በብዙ ትዕግሥት አስረዳኝ፦ «እህቴ፣ እጅሽ ተነሥቷል። ጥያቄሽ ግን ፎቶው ላይ አይታየኝም።» የሚቃወም ሰው እጁን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል እንጂ አያነሳም፤ ያነሳሽው አንቺ ነሽ፤ ስንቱ ፖስተር ላይ ልውጣ ብሎ ደጅ ይጠናል አለኝ። ከዚያም ፎቶዬ እንዲወጣ መፍቀዴን የሚገልጽ ቅጽ፣ ከመድረኩ ቀን በፊት ባለው ቀን ተሞልቶ፣ ለፊርማ ብቻ አቀረበልኝ። እንዲህ ያለ ዝግጁነት በሌሎች የመንግሥት አገልግሎቶችም ቢለመድ እንዴት ደስ ባለኝ። አልፈረምኩም። አለመፈረሜም ምንም አልለወጠም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ከረድፋችን ፊት ያለውን ፖስተር ቀደድኩ። ጥፋቴን አልክድም። የምርጫ ቅስቀሳ ጽሑፍ መቅደድ እንደሚያስጠይቅ አውቅ ነበር፤ ሕጉንም አንብቤዋለሁ፤ ማንበብ ያደረሰብኝን ጉዳት አንድ ቀን ለብቻው እጽፋለሁ። ተይዤ በተወሰድኩበት ጣቢያ የመዘገበኝ ፖሊስ አንዴ ፖስተሩን አንዴ እኔን አይቶ «የራስሽን ፊት ነው የቀደድሽው?» አለ። አዎ አልኩት። ብዙ አሰበና በመዝገቡ ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ብሎ ጻፈ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ለቀቀኝ። ገና ረድፋችን ሳልደርስ በዚያው ቦታ አዲስ ፖስተር ተለጥፎ ጠበቀኝ፤ ከፊተኛው ሰፋ ያለ ነው። በመንግሥት ወጪ ቅነሳ ላይ ያላችሁን ጽኑ አቋም አስታውሼ፣ ለእኔ ሲሆን እጃችሁ እንዳልታጠረ በማየቴ ኮራሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ቀላል ነው። ምስሌን ከየግድግዳው ያንሱልኝ። ማንሳቱ የሚያስወጣ ከሆነም ይቅር፤ ከእጄ ሥር ያቺን ጥያቄዬን ያጽፉልኝ። ፊደሉ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለኝም፤ በረድፋችን ያሉት ሁሉ መርፌ ሲያዩ የኖሩ ናቸው፣ ያነቡታል።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ምን እንደሚሆን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግልባጩን የምልክለት ጋዜጣ ያወጣው ይሆናል፤ ጋዜጣውን አንዱ ሱቅ ለጨርቅ መጠቅለያ ይገዛዋል። ሌላ ፓርቲ ልምረጥ ብዬም አስቤ ነበር። የሌሎቹን ማኒፌስቶ ሁሉ አገላበጥኩ፤ ስለ ልብስ ሰፊ አንዲት ቃል የላቸውም። ከእነርሱ ሁሉ እርስዎ ይሻላሉ፤ ቢያንስ መኪናችንን ቆጥረዋል። የምርጫው ዕለት ወረፋ ይዤ እገባለሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ እቆማለሁ፤ ቀለም የነካ ጣቴን ይዤ እወጣለሁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ምን እንዳደረግሁ ብነግራቸው የሚያምነኝ ጎረቤት ግን አይኖረኝም።

ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎ ደግሞ መልስ ለመጻፍ የሚበቃ ትርፍ ጊዜ እየተመኘሁ፣ ትሕትናዬ ከዚህ በላይ የሚዘረጋበት ስፍራ በወረቀቱ ላይ ስላልቀረ በዚሁ እሰናበታለሁ።

በማይበገር አክብሮት፣
በፖስተርዎ ላይ ከግራ ሦስተኛዋ

ደብዳቤውን ካሸግሁት በኋላ ስለሆነ ነገር፦ ትናንት ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ሰው መጥቶ ለምርጫ አስተባባሪዎችዎ የሚሆን ስልሳ ሰደርያ እናቴን አዘዛት። «ቤተሰብ ናችሁ ብለን ነው» አለ፤ ጮክ ብሎ፣ ረድፉ ሁሉ እየሰማ። እንዳትቀበዪ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ነካሁ። እርሷ ግን ተቀበለች፤ ሰውዬው ሲሄድም «ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ማን ሌላ ሥራ የሚያመጣልን መሰለሽ» አለችኝ። ይኸው ቁልፎቹን እየተከልኩ ነው። ሐሙስ ይደርሳል፤ ሰው ሲልኩ ግን ለብሶ የሚሞክር ይሁን። እናቴ ለባሹ ገላው ላይ ሳያየው ሸጣ አታውቅም፤ ይህ በእናንተ ዘንድ ያልተለመደ መሆኑን ነግሬአታለሁ፣ አልገባትም።