ባለ ነጭ ፊደል ጎማዎች

ለውድ ወንድሜ ለሃርላን፣

እንደምን ሰንብተሃል? ያ ደረጃ ስትወጣ የሚከዳህ ጉልበትህስ እንዴት ነው? እዚያ አላስካ ቀኑን ሙሉ በረዶና ዓሣ ስታገላብጥ የምትውልበት እጅህ አልደማም? ኖሪን የላከችልህ ጓንት ደርሶህ እንደሆነ ጻፍልን፤ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን የምልህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ለጥቂት ነው የተረፍነው።

አባባ ስለ አደጋው በስልክ ትንሽ ነገር ናት ብለው እንዳለፉህ አውቃለሁ። ትንሽ ነገር አይደለችም። አንተም ከሌላ ሰው ተዛብቶ ከምትሰማው እኔ እህትህ ከሥሩ ላጫውትህ።

የእህታችንን የኖሪንን ባል ከርቢን ታውቀዋለህ። በሠርጉ ቀን ነጭ ቦት ጫማ ተጫምቶ፣ ጭቃ እንዳይነካው በጣውላ ላይ እየተረማመደ የመጣው ሰውዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም አልተሻለውም። ሐምሌ ላይ የአባባ ፒካፕ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ እንደ መላጣ ራስ ሲያብረቀርቁ፣ አባባ አዲስ መርጦ የሚገዛውን ሰው ፈለጉ። የእሳቸው ዓይን እንደ ድሮው አያነብም። ታዲያ ማንን ላኩ መሰለህ? አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያንን የንብ ቀፎ የሚጫንበትን ተሳቢ የጎተትኩት እኔ ቁጭ ብዬ፣ ከርቢን ላኩት። ዘንድሮ መኪናውን የሚነዳው እሱ ስለሆነ ነው አሉ።

ከርቢ ቢሊንግስ ከተማ ድረስ ሄዶ ይዟቸው የመጣውን ጎማዎች ብታይ ትስቅ ነበር። ጥርሳቸው የአዞ መንጋጋ ያህላል፤ ጎናቸው ላይ ጣት የሚያህል ነጭ ፊደል ተጽፎባቸዋል። መኪናውን አጥቦ፣ ጎማዎቹን ዘይት ቀብቶ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ አቆመው። ሚስቱን በዚያ ዓይን አይቷት የሚያውቅ አይመስለኝም።

እኔ ጎንበስ ብዬ ነጩን ሳይሆን ትንንሹን ጥቁር ጽሑፍ አነበብኩ። አንተ አላስካ ከገባህ ወዲህ ረስተኸው እንደሆነ፣ ጭነት ለሚጎትት መኪና የሚሆነው ጎማ ቁጥሩ ከመጀመሩ በፊት ኤል ቲ የሚል ነው። የእሱ ግን ፒ ይላል፤ ቤተሰብ ለሚያመላልስ መኪና የተሠራ። የድሮዎቹ እያንዳንዳቸው ከሦስት ሺህ ፓውንድ በላይ ይሸከሙ ነበር፤ እነዚህ ሁለት ሺህ አራት መቶ እንኳን አይሞሉም። የጎኑ ላስቲክ ስስ ስለሆነ ከባድ ጭነት ሲያርፍበት ይወላገዳል፤ ሲወላገድ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ምን እንደሚሆን አንተም ታውቃለህ።

ይህን ለብቻው ጠርቼ ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ምሳ ቀርቦ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ በተሰለፈበት፣ በጓደኞቹ ፊት፣ “ከርቢ፣ ጎማዎችህ ኬክ ለማድረስ ይሆናሉ፤ ኬኩ ግን ትንሽ ይሁን” አልኩት። ሰው ሳቀ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ፣ “ጭነቱን የሚሸከመው ተሳቢው ነው እንጂ መኪናው አይደለም” ብሎ መለሰልኝ። አየህልኝ? አርባ ዓመት የሞላው ሰው ነው! የተሳቢው አፍንጫ የመኪናውን ጀርባ እንደሚጫን አያውቅም። ኖሪን በኋላ እንደነገረችኝማ ሻጩ ልጅ ምን እንደሚጎትት ጠይቆት ነበር። ከርቢ፣ ያን መልከኛ ጎማ እንዳይከለክሉት፣ አንዳንዴ ትንሽ ጀልባ ብሎ ዋሸ። ከባሕር አንድ ሺህ ማይል ርቀን የምን ጀልባ ነው? ሱቁ በሳምንት ውስጥ ይለውጥለት ነበር፤ እሱ ግን ከዚያ ምሳ በኋላ ብለውጥ ሞቼ ልገኝ አለ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ንቦቹን ሰሜን ዳኮታ ወዳለው የሱፍ አበባ ማሳ ልንወስድ ተነሣን። አርባ ቀፎ በተሳቢው ላይ፣ አሥራ ስድስት ቀፎ በፒካፑ ጀርባ፣ ሁሉም ማር የቋጠረ። ጎህ ሲቀድ ቀፎዎቹን መረብ አልብሰን ወጣን። አባባ ከከርቢ ጎን ካልተቀመጥኩ ብለው ገቡ። እኔ በራሴ መኪና ከኋላ ተከተልኩ። ገና ሠላሳ ማይል ሳንሄድ ተሳቢው እንደ ውሻ ጭራ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር። መብራት ባበራለት፣ ጡሩንባ ብነፋለት፣ ጌታው በመስኮት ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ ሰጠኝ።

ቤከር ከተማ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ፀሐዩ አስፋልቱን ማጋል እንደጀመረ፣ የቀኝ የኋላ ጎማው ፈነዳ። መኪናው ዞረ፤ ተሳቢው ገፍቶት ሁለቱም ቦዩ ውስጥ ገቡ፤ ተሳቢው በጎኑ ተጋደመ። ቀፎው እየተከፈተ ንቡ እንደ ጭስ ተነሣ። ሃርላን፣ አሁን የምነግርህን ለማንም አልነገርኩም። እኔ ያን ጊዜ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር የንብ መሸፈኛ ልብሴን መልበስ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ መስኮቴን ዘግቼ፣ ዚፑን እስከ አገጬ ጎተትኩ። ያ ጅል ግን ፊቱን እንኳን ሳይሸፍን በሩን ረግጦ ከፍቶ አባባን በብብታቸው ጎትቶ አወጣቸው። ሸሚዙን አውልቆ ራሳቸው ላይ ጠመጠመና በላያቸው ተደፋባቸው። እኔ ስደርስ ጀርባው በንብ ተሸፍኖ ቆዳው አይታይም ነበር።

የአባባ የአንገት አጥንት ተሰነጠቀ፤ ሐኪሙ በስድስት ሳምንት ይድናል ብሏል። ከርቢን ንቡ ስልሳ ስምንት ቦታ እንደነደፈው ነርሷ ቆጠረች። ከሃምሳ ስድስቱ ቀፎ ሠላሳ አንዱን ለቅመን አድነናል። ሆስፒታል ውስጥ አባባ ጠርተው ጎማው ላይ ያለውን አንብቤ እንደነበር ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ለከርቢ ነግሬው እንደሆነ ጠየቁኝ። በሰው ፊት ነግሬዋለሁ አልኩ። “ያ መንገር አይባልም፣ ልጄ” አሉኝ፤ ከዚያም ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ባለፈው ሐሙስ ከርቢ በሬን አንኳኳ። አንዱ ዓይኑ ገና አልተከፈተም፤ ከንፈሩ የበሬ ምላስ አክሏል። በዚያ ከንፈር ጎሚስታ ቤት አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። ሄድኩ። ምን ላድርግ? እሱን ብቻውን ብለቀው በዚህ ጊዜ ባለ ሮዝ ፊደል ይገዛል። የሚሸከመውን ክብደት፣ የሚሞላውን አየር፣ አራቱም አንድ ዓይነት መሆን እንዳለባቸው እያነበብኩ አሳየሁት። በጣቱ እየዳሰሰ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደገመልኝ። ደህናዎቹን አስገጠምን።

ያንን እንደጨረስን፣ ከርቢ ጠግነን አብረን ያመጣነው ተሳቢ ሥር ተንበረከከ። የተሳቢው ነገር የኔ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ጋንቾውንም ፍሬኑንም ጎማውንም ሰው አላስነካም። ጎማው ጎን ላይ ተለይተው የታተሙትን አራት ቁጥሮች በጣቱ አገኘና፣ “ቬርና፣ ይሄስ ምን ማለት ነው?” አለኝ። ሦስት፣ አራት፣ ዜሮ፣ ሁለት። የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው። ዘጠኝ ዓመቱ፤ ስንጥቁ ውስጥ ጥፍር ይገባል። በየዓመቱ አየር እሞላለሁ እንጂ አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም።

ልዋሸው እችል ነበር፤ ያምነኝ ነበር። ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ፤ እኔ ብሆን እስቅ ነበር። በደህናው ዓይኑ አየኝና፣ “እነዚህንም እንቀይራቸዋለን፤ ለአባባ እኔ አልነግራቸውም” አለ። ተነሥቶም ክሪኩን ሊያመጣ ሄደ። ወንድሜ፣ በነጭ ቦቱም፣ በጀልባውም፣ በቀፎዎቹም በዚህ ደግነቱ የተናደድኩትን ያህል አልተናደድኩበትም።

አባባ ክንዳቸው ታስሮም ቢሆን ስምህን በየማዕዱ ይጠራሉ፤ ለምስጋና ቀን ና ብለውሃል። ኖሪን ትስምሃለች። መንትዮቹ ልጆቿ የሳልሞን ሥዕል ሠርተውልሃል፤ እግር ለምን እንዳለው አትጠይቃቸው። ከርቢም ሰላም በልልኝ ብሏል፤ እኔም ይኸው ብያለሁ።

እህትህ ቬርና
ፎርሳይዝ፣ ሞንታና
ኦገስት 23 ቀን 2011