ለኻሊድ ሙሽራ የመረጥኩት መብራት

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ሼኽ ዑስማን ሰፈር፣ ገበያ። ሙቀቱ ጉድ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ኮርማክሳር ሰፈር የሐና፣ የሙሽራ ሂና ምሽት፣ ፎቶ አነሳለሁ፤ የሙሽራዋ አክስት ከሙሽራዋ ጀርባ የሚሰቀለው ጨርቅ አረንጓዴ ካልሆነ ሐና አይባልም ብላ አስምላኛለች። ሳቲኑን ተውኩት፣ ያብለጨልጫል። ደብዛዛውን ጥጥ ገዛሁ። አረንጓዴ ተንኮለኛ ነው፤ ሰው ከተጠጋው ፊት ላይ ይወጣና በሽተኛ ያስመስላል። ሙሽራዋን ራቅ አድርጌ አስቀምጣታለሁ። ስቱዲዮዬ ሁለት መብራት፣ ነጭ ጃንጥላና ባትሪ ነው፤ ታክሲ ላይ ይጫናል። የሰፈሬ ልጅ፣ ኻሊድ፣ ዛሬም አልደወለም። ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ለእናቱ ሊነግር ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ማስታወሻዬ፣ እስቲ ታገሺ በይኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

የሙሽራዋን ቤት ለማየት ሄድኩ። ግድግዳውን ስለካ አክስትየዋ የሙሽራውን ስም ጠራች። ኻሊድ። ወደብ ላይ የሚሠራው። የአባቱንም ስም ጨመረች። የእኔው ኻሊድ! ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ምን ነካሽ አለችኝ፤ ሙቀቱ ነው አልኳት። ሥራውን ልተወው አልኩ፣ አፌ እምቢ አለ። ሴቶች መሀል ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም፣ ሌላ ሴት ደግሞ አላገኙም። የኻሊድ እናት እኔን የጠላችኝ እናቴ ሐበሻ ስለሆነች ነው። እዚህ ዐረብ አገር ሙወለድ ትለኛለች፣ ክልስ ማለቷ ነው። ድሬዳዋ ሳለሁ ደግሞ በአባቴ ዐረቧ ይሉኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ጻፈልኝ፣ በመጨረሻ። እናቱ አስገድዳው እንደሆነ ጽፏል። ሠርጉ ይለፍና ሁለተኛ ሚስት አድርጌ አገባሻለሁ፣ ወላሂ፣ እስከ ሠርጉ ቀን እሺ በይኝ ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ እሺ ሊል ነው። ሁለተኛም ቢሆን የእሱ እሆናለሁ። አፈርኩ። አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ መብራት ስሞክር ዋልኩ። ከፊት ለፊት ሲበራ ፊት ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከጎን ሲበራ ያምራል። ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ለሙሽራዋ ጠፍጣፋውን ልስጣት። ከጨርቁም ላስጠጋት፣ ትንሽ አረንጓዴ ትሁን።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

አሁን ተመለስኩ። ማንም ፎቶ እንዳያነሳ ስልክ በር ላይ ተሰበሰበ፣ አባያው፣ ጥቁሩ መደረቢያ፣ ወለቀ፣ ከበሮው ቀለጠ። መብራት እንደ ልማዱ ጠፋ፤ ባትሪዬን ሰካሁ። ሙሽራዋ ዩኒቨርሲቲ ገና መጨረሷ ነው። እጇ ሐና ስለሆነ ውኃ እኔ አጠጣኋት። ጎንበስ ስል በጆሮዬ ጠየቀችኝ፦ «ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ፣ የኻሊድ ጎረቤት ነሽ አሉ። ወላሂ እውነቱን ንገሪኝ፣ ጠባዩ እንዴት ነው?» አንድ ቀን ብቻ ነው ያየችው፣ ያውም እናቷ አጠገብ ተቀምጣ። ምን ልበላት? ደግ ነው አልኳት። ፈገግ አለች። አመነችኝ፣ ምስኪን! እኔ ሁለተኛ የምሆነው በዚህች ልጅ ላይ ነው። ከጨርቁ አራቅኋት፣ መብራቱን ወደ ጎን አዞርኩት፣ አነሳኋት። አማረች። ማማሯ አንጀቴን በላው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13፣ ጥዋት

ዛሬ ሠርጉ ነው። አይሆንም ብዬ ጻፍኩለት። አጠር አድርጌ። ምክንያቱን አልነገርኩትም፤ ብነግረው ይከራከረኛል፣ ከተከራከረኝ ደግሞ እሸነፋለሁ። ላክሁት። ማስታወሻዬ፣ እወደዋለሁ። ምን ላድርግ፣ እወደዋለሁ።

ስልኩ ጠራ። እሱ ነው። ዘጋ፣ እንደገና ደወለ። አሁንም ይጠራል። አላነሳውም።