ኬሚስትሪ የሌለበት ፎርም

ለልጄ ለኪደን፣ ካምፓላ

ፈጣሪ ከራስ ምታት እንኳ ይጠብቅሽ። ፍየሏ መንታ ወልዳለች፤ የጁባ ሙቀት እንደምታውቂው ነው። ይህን የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። በማታ ትምህርት ከሠላሳ ሴቶች አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ካላመንሽ ሁለተኛዋን ጠይቂ።

ሞልተሽ ወላጅ ይፈርምበት ብለሽ የላክሽው የትምህርት መምረጫ ፎርም ደርሶኛል። ድሮ ቢሆን አጎትሽ ዋኒ ባሳየኝ ቦታ አውራ ጣቴን እጭን ነበር። አሁን ግን ቃል በቃል አነበብኩት። ባዮሎጂ አለ፣ ሒሳብ አለ፣ ሦስተኛው ጂኦግራፊ ነው። አስተማሪዬን ብጠይቀው፣ "ያለ ኬሚስትሪማ ሕክምና ለመማር አይቀበሏትም" አለኝ።

ዋኒ ሳቀብኝ። "አንቺ ደግሞ ስለ ኬሚስትሪ ምን ታውቂያለሽ?"

"ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አለመኖሩን ግን አንብቤያለሁ" አልኩት። ሳቁን ዋጠ።

ከብዶሽ ይሆናል። እኔም በዚህ ዕድሜዬ እርሳስ መያዝ ከብዶኝ ነበር። ዶክተር እሆናለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እኔማ ለሰው ሁሉ አውርቼ የዓሣ ገበያ ሴቶች ከአሁኑ የሚያማቸውን ጉልበት ያሳዩኛል።

ፎርሙን ሳልፈርም ልኬልሻለሁ። እባክሽ ልጄ፣ ኬሚስትሪን አስገብተሽ ቶሎ መልሺልኝ። ፊርማዬን ግድግዳ ላይ በከሰል ስለማመድ ከርሜያለሁ።

እጅሽ ፈዋሽ ይሁን።

እናትሽ ጆኩዱ
(ይህ ስሜ ነው፤ ፊርማዬን ለፎርሙ አስቀምጬዋለሁ።)