ሁለቱ ባለ ግማሽ ሜትር ቱቦዎች

ይድረስ ለወንድምዓለም ሰውመሆን፣ እንደምን ሰንብተሃል? ስልክ ማንሳት ስለተውክ በወረቀት መጣሁብህ። እኛ ደህና ነን፤ ወንዛችን ሩዙማ ግን ሞልቶ ከእኛም ይበልጥ ደህና ነው።

«ባለ አንድ ሜትሩ ቱቦ ከታጣ ሁለት ባለ ግማሽ ሜትር ቅበሩ፣ ያው ነው» ያልከውን ሰፈሩ በመንገዱ ሥር ቀብሮልሃል፤ መሐንዲስ ነህና። ወርዱ በግማሽ ሲያንስ ሆዱ ሩብ ስለሚሆን፣ ሁለቱ ተደምረው የታሰበውን ውሃ ግማሽ እንኳን አያሳልፉም። የቀረው እናታችን ቤት ያድራል።

ጎረቤታችን በላቸው «እማማ ውባንቺ፣ ኧረ ይውጡ!» ቢላት፣ «የልጄን ቱቦ አቃተው ልታሰኝብኝ ነው?» ብላ አባረረችው። ትናንት አልጋዋን በብሎኬት ከፍ አደረግሁላት፤ ዛሬ ብሎኬቱ አይታይም። ከላዩ ሆና «ቱቦው ይሠራል ብለሽ ጻፊለት» ትለኛለች።

ቱቦው ይሠራል።

ሰላምታዋ ይድረስህ፤ መልስህን ቶሎ ላክ፣ ውሃው ሳይቀድምህ እሷው በጆሮዋ ትስማው።

እህትህ ሰገን