ኮምፒዩተራችንን ላፈጠኑልን ለአቶ ሸዋንዳኝ የቀረበ ምስጋና

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ግንቦት 1991 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሸዋንዳኝ፣
የኩልፎ ዳር ወጣቶች ክበብ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጎላ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕሊናዎ ያልተረበሸ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በክበቡ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አስቤ ሳይሆን፣ ስለ እኔ ያለዎትን አስተያየት ሕዝብ በተሰበሰበበት መግለጽ እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ እኔም ልማድዎን ላክብር ብዬ ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ፈይሩዝ ነው፤ አባቴ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጣ ሲቀላ ገበያ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ስመለስ ሬዲዮ፣ ቴፕና ኮምፒዩተር የምጠግንባት አንዲት ክፍል ከፈትኩ። እርስዎ ግን ክቡርነትዎ፣ ለከተማው ሌባ አድርገው ስላስተዋወቁኝ፣ ከዚህ በላይ ያለውን መግቢያ ለእርስዎ እተዋለሁ።

አንደኛ፣ ምክሬን ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ክበቡ ለወጣቱ የመኪና እሽቅድድም መጫወቻ የሚሆን ኮምፒዩተር ሊገዛ ሲነሳ፣ ወደ ሱቄ ጎራ ብለው፣ በጎተትኩልዎት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ «አንቺ ልጅ፣ ጌሙ ሳይንቀራፈፍ እንዲሄድ ምን ዓይነት ሜሞሪ ልግዛ?» አሉኝ። እኔም በእጄ የነበረውን ሥራ አስቀምጬ አስረዳሁዎ። ሜሞሪ ማለት ኮምፒዩተሩ ሥራውን ዘርግቶ የሚሠራበት ጠረጴዛ እንደሆነ፣ ጠረጴዛው ሲጠብ ዕቃውን ከጓዳ ሲያመላልስ እንደሚውል ነገርኩዎ። ስፋቱ ብቻ እንደማይበቃ፣ ፍጥነትም እንዳለው፣ በገበያ ላይ ባለ ስልሳ ስድስትና ባለ መቶ ሜጋኸርዝ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች እንዳሉ፣ ሲያዩዋቸው አንድ ቢመስሉም ጽናታቸው እንደሚለያይ ጨመርኩልዎት። ወደፊት ኮምፒዩተሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ለማስሮጥ ካሰቡ ባለ መቶውን እንዲገዙ፣ ባለ ስልሳ ስድስቱን ከገዙ ግን በራሱ ፍጥነት እንዲሄድ እንዲተዉት፣ በተለይም በእኛ አገር ሙቀት እንዳይነካኩት ለመንኩዎ። ራስዎን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። ያን ጊዜ የገባዎት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዝንብ እያባረሩ ኖሯል።

ከአዲስ አበባ ሁለት ባለ ስልሳ ስድስት ይዘው ተመለሱ፤ ሻጩ «ሜሞሪ ሁሉ ያው ሜሞሪ ነው» ስላለዎት። እኔ አልተከፋሁም። እዚያው እርስዎ ባሉበት ገጥሜ፣ አስነስቼ፣ ጌሙ ደህና አድርጎ እንደሚሄድ አሳየሁዎ፤ «ብቻ ፍጥነቱን አይንኩት» አልኩ። እርስዎም ሳቅ ብለው፣ «መኪና ነዳጁን ካልረገጥሽለት ይሄዳል እንዴ?» አሉኝ። የማሽኑን ክዳን ገጥሜ ብሎኑን አጠበቅሁ። ታላቅ ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ነው ያስተማሩኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ድፍረትዎ ላመስግን። በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ጥፍር የምታክል፣ ጃምፐር የምትባል ክዳን አለች፤ የተሰካችበት ቦታ የማሽኑን ፍጥነት ይወስናል። ባለሙያ ሲነካት ሜሞሪው ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል። እርስዎ ግን ማንንም ሳይጠይቁ ከስልሳ ስድስቱ አንስተው መቶው ላይ ሰኳት። ይህን ከማንም አልሰማሁም፤ ራስዎ በኮምፒዩተሩ ምረቃ ዕለት፣ ከዞን የመጡት እንግዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳሉ፣ ማይክራፎኑን ጨብጠው፣ «የማሽኑን ፍጥነት በገዛ እጄ ጨምሬዋለሁ!» ሲሉ ከአዳራሹ ሕዝብ ጋር ሰማሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም የሚመጣውን እያወቅሁ አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያስታውሳሉ። ከነቀምት መጥቶ በውሃ ኢንስቲትዩት የሚማረው ኦሊያድ መጀመሪያ እንዲጫወት ተመረጠ። ቀይዋ መኪናው አንዱን ዙር ጨረሰች። ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር መንገዱም፣ ዛፎቹም፣ እሷም ባሉበት ደረቁ፤ ቀጥሎ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ በነጭ ጽሑፍ ተሞላ። አንዱ እንግዳ ይህም የጌሙ ክፍል መስሏቸው ይሆናል፣ ብቻቸውን አጨበጨቡ።

ሦስተኛው ምስጋና ትንሽ ይረዝማልና ይታገሡኝ። በዚያች ደቂቃ «ተሳስቻለሁ» ማለት ይችሉ ነበር። «ይጣራ» ማለትም ይችሉ ነበር። እርስዎ ግን ማይክራፎኑን መልሰው አነሱና፣ «እኔ የገዛሁት ሁለት ሜሞሪ ነበር፤ አንዱን ያቺ የዓሣ ነጋዴ ልጅ አውጥታ ወስዳዋለች!» አሉ። የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተነሥቼ፣ «ጋሽ ሸዋንዳኝ፣ ይከፈትና ይታይ» ብል፣ «ቁጭ በይ!» ብለው አስቀመጡኝ። ወዲያውም የማሽኑን ክዳን በወረቀት አሽገው፣ «ለማስረጃ ነው» እያሉ የክበቡን ማኅተም አሳረፉበት። ማስረጃን ማንም እንዳያየው አድርጎ የማስቀመጥ ዘዴ ከእርስዎ ነው የተማርኩት፤ ለዚህም ውለታዎ አይረሳኝም።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ ጭር አለ። ለጥገና የሰጡኝ ሰዎች ሬዲዮኖቻቸውን ሳይጠገኑ መልሰው ወሰዱ፤ አንዲት እናት የቴፗን ጀርባ በፊቴ ከፍታ ውስጡን ቆጠረች፤ ምን መኖር እንደነበረበት ግን አታውቅም። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት የአባቴን ነው። ጫሞ ዳር ዓሣ ሊረከብ በወረደበት፣ ጀልባ ላይ የነበሩት ሰዎች፣ «ልጅህ ከዓሣ ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋገረች አሉ» ብለው ሳቁበት። አባቴ ቤት ሲገባ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ፊቴ ቆመ።

«ወስደሻል?» አለኝ።

«አልወሰድኩም፣ አባ።»

«እንግዲያው ቀና ብለሽ ሂጂ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ያን ዕለት እራቱን ሳይበላ ሲተኛ ያየሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎን ይቅር ላለማለት የወሰንኩትም ያኔ ነው። ይህን በጨዋ አማርኛ ለመጻፍ ብዙ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ቀጥሎ ደግሞ የከተማችን ሁለት ሰፈሮች፣ የሲቀላና የሴቻ ልጆች የእሽቅድድም ውድድር ደረሰ፤ ማሽኑ አሁንም እየደረቀ አስቸገረዎት። ኦሊያድን ልከው፣ «የወሰደችውን ትመልስ፣ ይቅር እንላታለን» አሉኝ። ስለ ደግነትዎ እጅ ነሥቼ፣ ከራሴ ኮምፒዩተር ያወጣሁትን አንድ ባለ መቶ ሜሞሪ በጨርቅ ጠቅልዬ መጣሁ። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። አባቴም ከኋላ ቆሞ ነበር፤ እሱን የጠራሁት እኔ ነኝ።

«ዕቃውን ከመመለሴ በፊት ማኅተሙን ራስዎ ይቅደዱት» አልኩ። ቀደዱት። ክዳኑ ሲነሣ ኦሊያድ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ። «ሁለት ናቸው» አለ፤ «ሁለቱም አሉ።»

የአዳራሹ ሰው አሁን ወደ እርስዎ ዞረ። እርስዎ ግን የዋዛ ሰው አይደሉም። «እንግዲያውስ ቀይራዋለች! ጥሩውን ወስዳ ውዳቂ ከትታበታለች!» አሉ።

«የገዙት ባለ ስንት ነበር?» ስል በትሕትና ጠየቅሁ።

«ባለ ስልሳ ስድስት! የገዛሁትን እኔ አላውቅም?»

ኦሊያድ ሁለቱንም ነቅሎ፣ በላያቸው የተለጠፈውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ስልሳ ስድስት። ይሄኛውም ስልሳ ስድስት።»

ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ የሚጥም ነገር ቀምሻለሁ፤ የዚያን ዕለቱን የፊትዎን ቀለም የሚያህል ግን አላጋጠመኝም። ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

ከዚያ የራሴን ሜሞሪ ገጠምኩ። የጨመሩትን ፍጥነት አልነካሁም፤ ጃምፐሯ እርስዎ በሰኳት ቦታ እንዳለች ቀረች። የማሽኑ አንጎል ለሆነው ለፕሮሰሰሩ ብቻ፣ እንዳይግል፣ ከሱቄ ያመጣሁትን ትልቅ ማራገቢያ ጨመርኩለት። ማሽኑ በረረ። የሲቀላና የሴቻ ልጆች ከሰዓቱን ሙሉ እየተፈራረቁ ተጫወቱ፤ አንድም ጊዜ አልደረቀም። ሴቻ በጠባብ ልዩነት አሸነፈች፤ የሲቀላ ልጅ ብሆንም አልከፋኝም፤ እኔ የመጣሁበት ውድድር ሌላ ነበርና።

ጭብጨባው ሲያልቅ ማሽኑን አጠፋሁ፤ የራሴን ሜሞሪና ማራገቢያ ነቅዬ፣ የእርስዎን ዕቃ እንደነበረ መለስኩ። ልጆቹ፣ «ፈይሩዝ፣ ተይልን እንጂ!» እያሉ ለመኑኝ። ጃምፐሯን ወደ ስልሳ ስድስቱ ብመልሳት በእርስዎም ሜሞሪ ዝግ ብሎ፣ በሰላም ይሠራ እንደነበር አውቃለሁ። አልመለስኳትም። የክበቡን ንብረት ነካች ተብዬ አንዴ ስለተሰደብኩ፣ ሁለተኛ መንካቱን ፈራሁ ልበል? አልፈራሁም። ማሽኑ ሲደርቅ ሰው እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው።

«ያብሩት» አልኩዎ። አበሩት። በምረቃው ዕለት አንድ ዙር የጨረሰችው ቀይ መኪና አሁን ከመነሻው መስመር እንኳ ሳትነቃነቅ ደረቀች። «መብራቱ ነው! መብራቱ እየሄደ እየመጣ ነው!» ብለው ጮኹ። በላይዎ ላይ የጣሪያው ማራገቢያ እየተሽከረከረ ፀጉርዎን ያንቀሳቅሰው ነበር። መጀመሪያ አንድ ልጅ ሳቀ፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ። እኔ አልሳቅሁም። አባቴን ነበር የማየው። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎን ለጎን ከቆመው ሰው ጋር እየተጨባበጠ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ አባላቱ የኮምፒዩተሩን ክፍል ቁልፍ ከእርስዎ ተቀብለው ለኦሊያድ ሰጡ። ሊቀመንበርነቱን ግን እስከ ምርጫው ተዉልዎት፤ የክበቡ ልጆች ርኅሩኆች ናቸው። ለእኔም የማሽኑ ኃላፊ እንድሆን ጥያቄ አቀረቡልኝ። አመስግኜ እንቢ አልኩ። እርስዎ ሊቀመንበር በሆኑበት ቤት ጃንጥላዬን እንኳ ረስቼ አልወጣም።

እነሆ የመጨረሻውና ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ጉዳይ። ባለፈው ዓርብ፣ ሲመሽ፣ ሰው በማያይበት ሰዓት፣ የሙዝ ዘለላ ይዘው ወደ ቤታችን መጥተው አባቴን ጥግ ወስደው፣ «የሆነው ሆኗል፣ እንርሳው» አሉት። አባቴ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው አይደለም። ያላችሁት ሁሉ ግን በመስኮቱ ተሰማኝ። «ልጄን ሌባ ያልካት በማይክራፎን ነው» አለዎት፤ «ይቅርታውን በጆሮዬ አታንሾካሽክብኝ።» ሙዙንም መልሶ አስያዘዎ። እርስዎ ተቆጥተው ሄዱ፤ በማግሥቱም «እነዚህ ሰዎች እርቅ አያውቁም» እያሉ አወሩብን።

እናውቃለን፣ ክቡር ሆይ። የእርቅ ቦታውንም ልንገርዎ፦ እሁድ ጠዋት ጫሞ ዳር፣ ጀልባዎቹ ዓሣ በሚያራግፉበት፣ እነዚያ አባቴ ላይ የሳቁት ሰዎች ሁሉ ባሉበት። ማይክራፎን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ባትሪውም፣ ድምፁም የተፈተሸ ነው። «ፈይሩዝ አልሰረቀችም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» ብለው በዚያው በምረቃው ድምፅዎ ይናገሩ፤ ከዚያ ወዲያ ስምዎን በክፉም በደጉም አላነሣም። ካልመጡ ግን ይህን ደብዳቤ በየሳምንቱ በአዲስ ወረቀት እየገለበጥኩ እለጥፋለሁ፤ የእጅ ጽሑፌ ውብ እንደሆነ ብዙ ሰው መስክሮልኛል፣ ወረቀትም ሞልቶኛል።

ለክቡርነትዎ ካለኝ የማያልቅ አክብሮት ጋር፣ ለጠፋብኝ ስም ምትክ ደግሞ የእርስዎን ስም በጥንቃቄ ይዤ የምጠብቅዎ፣

የዓሣ ነጋዴው ልጅ፣ ፈይሩዝ

ማሳሰቢያ፦ ከመጪው ወር ጀምሮ በሱቄ ለጀማሪዎች የኮምፒዩተር ትምህርት እሰጣለሁ፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ማሽን ስለማብራትና ስለማጥፋት ነው። ቦታው ቶሎ እየሞላ ስለሆነ ለክቡርነትዎ አንድ ወንበር አስቀድሜ ይዣለሁ፦ በሩ አጠገብ ነው፣ ጥያቄ ሲበዛብዎ ለመውጣት እንዲቀልዎ።