ከእትዬ ጋር የገደልናቸው ሰዎች

ጥቅምት 6
ዝናብ። ጠዋት የጻፍኩትን ከሰዓት ቀደድኩት። ሀብታሙ ነጋዴ ምዕራፍ ሁለት ላይ መሞት አለበት... በምን ይሙት?

አመሻሽ ላይ እትዬ ጋ ሄድኩ። ታላቅ እህቴ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ለመጽሐፎቼ መርዝ የምትመርጥልኝ እሷ ናት። እሷ ሳህን ታጥባለች፣ እኔ እወለውላለሁ፣ መሃል ላይ ሰው እንገድላለን።

«የልብ ክኒኑን አብዝታ ትስጠው።»

«ማን?»

«ሚስቱ ናታ። ሌላ ማን ሊጠጋው?»

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ባሏ ሳሎን ሆኖ፣ «ሻዬን መጀመሪያ አንዳችሁ ቅመሱልኝ» አለ። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ከስንት አንዴ ነው የሚናገረው።

ጋዜጠኞች «ሐሳቡ ከየት ይመጣልሻል?» ሲሉኝ «ከብቸኝነት» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ከዚያች ጠባብ ኩሽና ነው።

ጥቅምት 9
ምዕራፍ ሁለት አለቀ። እጄ ሐሳቤን መከተል አቃተው። ምሳ ረሳሁ። ከዚህ የሚጥመኝ ነገር ምን አለ? ሚስትየዋን ቀብር ላይ እንባ የሌላት አደረግኳት። በራሴ ተንኮል ሳቅሁ።

ኅዳር 2
የእትዬ ባል ሞተ። ጠዋት ሸሚዙን እየቆለፈ አልጋው ላይ ተቀመጠ... በዚያው ቀረ።

ኅዳር 4
ተቀበረ። እትዬ አላለቀሰችም።

ይህን ለምን ጻፍኩት?

ኅዳር 10
ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሲወጣ ኩሽና ውስጥ ብቻችንን ቀረን። እሷ አጠበች፣ እኔ ወለወልኩ። ከአፌ አመለጠኝ... አመለጠኝ? አይደለም። ስንት ቀን ሳብሰለስለው ከርሜ ነው።

«የልብ ክኒን ይወስድ ነበር እንዴ?»

እጇ ውሃው ውስጥ ቀጥ አለ።

«አዎ። የምሰጠው እኔ ነበርኩ።»

«አይዞሽ» ማለት ነበረብኝ። ሳህኑን መወልወሌን ቀጠልኩ።

«ጠይቂያ» አለች ቀስ ብላ። «ስንት እንደሰጠሁት ጠይቂኝ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው የኖርኩትን ሰው ቀብሬ መምጣቴ ነው። አንቺ ምዕራፍ አደረግሽኝ?»

ፎጣውን ከእጄ ወሰደች። የቀረውን ሳህን ራሷ ወለወለች።

ኅዳር 11
ጠርጥሬያታለሁ። ሌላ ስም የለውም። አላለቀሰችም ብዬ! እናታችን ስትሞት እኔስ አለቀስኩ? ወር ቆይቶ፣ ሻሿን ሳይ ነው የፈነዳሁት። ያኔ ይዛኝ ያደረችው ማን ነበረች?

ታኅሣሥ 1
የእህቴ ልጅ ደወለች። ሐኪሙ፣ የቆየ የልብ ሕመሙ ነው የገደለው ብሏል።

«አክስቴ... እማዬ አትምጪ ብላለች።»

እትዬ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን በእኔ ያፈረች ነው የምትመስለው።

ጥር 15
መጽሐፉን ጨረስኩት። ሚስትየዋን ነጻ አወጣኋት፤ ነጋዴው ልቡ ቆሞ ሞተ። ገዳይ የለም።

አሳታሚው፣ «ታዲያ ይሄ ምኑ ነው የወንጀል ልብወለድ? ገዳይ ፈልጊለት» አለ። እምቢ አልኩ። ካሳ መሆኑ ነው... እትዬ እንደሆነ አታነበውም። ማንን ነው የምክሰው?

ጥር 22
አሳታሚውን እሺ አልኩት። ገዳዩን የነጋዴውን ወንድም አደረግኩት። እየጻፍኩ ደስ አለኝ? አዎ፣ ትንሽ። የሚያሳፍረው እሱ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሳቄ መጣና ቀና አልኩ፤ የማሳየው ሰው የለም።

የካቲት 8
ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ እትዬ ከፊቴ ቆማለች። ከስታለች። ቀስ ብዬ ልወጣ ስል ዞር አለች። አልተቆጣችም፣ ፊቷንም አላጠቆረችም። እጇን ዘረጋችልኝ።

«እንደምን ነዎት?»

እኔን። አዝላ ያሳደገችኝን ታናሽ እህቷን። እንደ ማንም የመድኃኒት ቤት ደንበኛዋ።

«አንቺ» እንድትለኝ ልለምናት ነበር። ሰው ያየናል። ተራዋ ደረሰ።

«ደህና ነኝ» አልኳት። «እርስዎስ?»