ከልካዩ አባት

ጥር 2
ኮምቦልቻ ፊልም ስቀረጽ ዋልኩ። ያው የልጅቷ አባት ነኝ። "እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም!" ብዬ ከዘራዬን ወዘወዝኩ። ዳይሬክተሩ "ድገመው፣ ክፋት አነሰው" አለ። በየፊልሙ ሴት ልጅ አለችኝ፣ በየፊልሙ እከለክላለሁ። እንጀራዬ ቅንድቤ ነው... ወደ ደሴ ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት "ልጅቷን ብትሰጠው ምን ነበረበት?" ብሎ ተቆጣኝ።

ጥር 5
ሽማግሎች መጡ። የእውነት። ከሐርቡ፣ የሀጂ ኑርሁሴን ልጅ ሀፊዝ ልጄን ዊዳድን ፈልጎ። እሷም ትወደዋለች፣ እኔም ወድጄዋለሁ። "እሺ" ልል ነበር... ግን ወግ አለ። የትኛው የሴት ልጅ አባት ነው በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል? "ዘመድ ላማክር፣ በሳምንቱ ተመለሱ" አልኩ። ምናልባት ቅንድቤን ትንሽ ሰበሰብኩ? ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ ወጡ።

ጥር 12
አልመጡም። ባለቤቴ ኡሙሰልማ ለእነሱ የሠራችውን ዶሮ እኛው በላነው። ዊዳድ አልቀመሰችም።

ጥር 14
ሐርቡ ስለ እኔ "ሚስባህ ከለከለ" ተብሏል። ሀጂ ሌላ ቤት ሽማግሌ ሊልኩ ነው አሉ፣ ረመዳን ሳይገባ።
"ተመለሱ ብያለሁ እኮ" ብላት ኡሙሰልማ ሳቀች።
"በዚያ ፊልምህም ተመለሱ ብለህ በዱላ አይደል የጠበቅካቸው?"


ጥር 16
ሐርቡ ወረድኩ። የልጅቷ አባት ራሱ ሄዶ ውሰዱልኝ ሲል... ውርደት ነው፣ ግን ዋጥኩት። ሀጂን ሱቃቸው አገኘኋቸው።
"ወላሂ ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ሽማግሎቹን ይላኩ።"
ግራ ቀኝ አዩ። "ካሜራው የታለ?"
"የለም ሀጂ።"
"አብሽር፣ አልቀየምም። በየት በኩል ነው የምታነሱኝ? ጥምጣሜን ላስተካክል።"
ደግሜ ማልኩ። አማማሌን አደነቁልኝ።
ቤት ገብቼ ለዊዳድ ነገርኳት። "አባየ፣ እኔም እኮ የከለከልክ መስሎኝ ነበር" አለች። የገዛ ልጄ... ይሄኛው አመመኝ። "ተወው በቃ፣ ለሀፊዝ እኔው እነግረዋለሁ" ብላ ስልኳን አነሳች።

ጥር 19
ሽማግሎቹ መጡ። ሳይቀመጡ "እሺ" አልኩ። ወጉ ገደል ይግባ።

የካቲት 1
ኒካህ ታሰረ። የሀፊዝን እጅ አስጨበጡኝ፣ ሼሁ "በል" አሉ። "ልጄን ዊዳድን..." ብዬ ድምፄ ጠፋ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ሀጂ ለጎናቸው ሰው "ማሻአላህ፣ እንዴት ይችልበታል!" ሲሉ ሰማሁ። ስልኩ ሁሉ ወጣ። አንዱማ "ይድገመው፣ አልቀረጽኩትም" አለ። እንደምንም ቃሉን ጨረስኩ። አጨበጨቡ።
ሙሽሮቹ ሄዱ። ቤቱ ጭር ብሏል፣ የዊዳድ ነጠላ ጫማ በር ላይ ቀርቷል። እነዚያ የምጫወታቸው አባቶች... ስንት ዓመት ሙሉ ክፉዎች ናቸው ብዬ ስጫወታቸው! ለካ የሚከለክሉት ልጅቷ እንዳትሄድባቸው ነው።